«ቢኮዝ» ያመጣው መዘዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ወጣት ደብዳቤ ይዞ መጣ፡፡ በአለቃው ላይ አቤቱታ ካቀረበ በኋላ «ለጊዜው ቤትህ ቆይ» ተብሏል፡፡ ተሰናብቼ እንደሆነ ይነገረኝ ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ድርጅቱ «ዊ ዲድ ኖት ተርሚኔት ዩር ኮንትራክት ቢኮዝ ዩ ኮምፕሌንድ» ሲል በእንግሊዝኛ መለሰለት፡፡

«ጋሼ፣ አላባረርንህም ነው የሚሉኝ ወይስ ያባረርንህ በአቤቱታው አይደለም?» አለኝ፡፡ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለቱም ይተረጎማል፡፡ በእንግሊዝኛ አፍራሹ «ኖት» ከ«ቢኮዝ» ጋር ሲገናኝ ግሡን ያፍርስ ምክንያቱን በግልጽ አይለይም፡፡ አማርኛችን ግን ይለያል፤ «አቤት ስላልክ አላሰናበትንህም» ሌላ፣ «ያሰናበትንህ አቤት ስላልክ አይደለም» ሌላ ነው፡፡

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፡፡ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስም ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፡፡ ወጣቱ የደብዳቤውን ትርጉም ሲያሰላስል ቀኑ እየቆጠረ ነበር ማለት ነው፡፡

ሌሎቹ የምክንያት ቃላትም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው፡፡ የእኛ «ስለ» ስምንም ግሥንም ይቀድማል፤ «ስለ ዝናቡ» እንላለን፣ «ስለዘነበ»ም እንላለን፡፡ በእንግሊዝኛ ግን «ቢኮዝ» ባለቤትና ግሥ ያለው ሐረግ ይፈልጋል፤ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»፡፡ «ቢኮዝ ኦቭ» ደግሞ ስም ይፈልጋል፤ «ቢኮዝ ኦቭ ዘ ሬይን»፡፡ «ቢኮዝ ኦቭ ሂ ወዝ ሲክ» ብሎ መጻፍ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፡፡ «ዱ ቱ» እና «ኦዊንግ ቱ»ም ስም ነው የሚያስከትሉት፡፡

«ሲንስ» እና «አዝ» አንባቢው አስቀድሞ ለሚያውቀው ምክንያት ይስማማሉ፤ ብዙ ጊዜም ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፡፡ ነገር ግን ሁለቱም ጊዜን ያመለክታሉ፡፡ «ሲንስ ሂ ሌፍት» የሚለው «ከሄደ ወዲህ» ነው ወይስ «ስለሄደ»? ጉዳዩ ገንዘብ ወይም መብት የሚነካ ከሆነ «ቢኮዝ» ይሻላል፡፡ «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «ሶ» መጨመር፣ «ዘ ሪዝን ኢዝ» ካሉ በኋላም «ቢኮዝ» ማስከተል ምክንያትን ሁለት ጊዜ መናገር ነው፡፡ ለኋለኛው «ዛት» ይበቃል፡፡

ለወጣቱ የመከርኩት አጭር ነበር፤ ውሌ ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም፣ ከተቋረጠስ ከመቼ ጀምሮና በምን ምክንያት ብለህ እንደገና ጻፍ አልኩት፡፡ መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጣ፤ አንዱ መሰናበቱንና ቀኑን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ይናገራል፡፡ ክሱንም በጊዜው አቀረበ፡፡

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምትጽፉ ሁሉ፣ «ኖት» እና «ቢኮዝ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ለሁለት ክፈሉት፡፡ ድርጊቱን በአንዱ፣ ምክንያቱን በሌላው ጻፉ፡፡ ደብዳቤ የሚደርሳችሁም፣ ግልጽ ካልሆነላችሁ ገምታችሁ አትቀመጡ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፡፡