የወፍ ቆሎ፦ ለጌጥ መጥቶ ግጦሽ የወረሰ ቁጥቋጦ

የወፍ ቆሎን በሐረርጌ፣ በድሬዳዋና በደቡብ ወሎ የሚያውቀው አርሶ አደር ብዙ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ የሚባለው ይህ ቁጥቋጦ የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ሲሆን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተወስዶ የአትክልት ባለሙያዎች አበባው እንዲያምር ደጋግመው አዳቅለውታል። ዛሬ የሚያስቸግረው ብርቱ ዝርያ በአብዛኛው የዚሁ የማዳቀል ሥራ ውጤት ነው።

ከአውሮፓ ወዲያም የተስፋፋው ሰው በክብር እየተሸከመው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሕንድ ካልካታ የዕፅዋት መናፈሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ወደ አውስትራሊያ አደላይድ ከተማ ገባ። ዛሬ በሁለቱም አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር መሬት ይዟል። ወደ ኢትዮጵያም የመጣው ለግቢ ጌጥ ተብሎ ነው፤ እስካሁን ለአጥር የሚተክለው ሰው መኖሩ ያሳዝናል።

ማጥፋቱም እንደ መትከሉ አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ1902 አልበርት ኮበሌ የተባለ ባለሙያ ቁጥቋጦውን የሚበሉ ነፍሳት ከሜክሲኮ ሰብስቦ ወደ ሃዋይ ላከ። አረምን በነፍሳት ለመቆጣጠር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ይኸው ነው። ነፍሳቱ በአንዳንድ ቦታ ቢያዳክሙትም የላንታናው ዓይነት ብዙ በመሆኑ ብቻቸውን አልበቁም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ከእነዚህ ነፍሳት አንዱ ሰሊጥ ማጥቃቱ ታይቷል። ሰሊጥ ለሚያመርት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ተክሉን ለመለየት ግንዱን ማየት ይበጃል። አራት ማዕዘን ያለውና ወደ ታች የተቆለመመ እሾህ የያዘ ነው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል፣ ሻካራና ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ሲሆን ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ አለው። (ከኮሰረት ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው ቢባል ብዙ ሰው አያምንም!) በአንድ የአበባ እቅፍ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም አብረው ይታያሉ። አረንጓዴው ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። ወፎች በልተው ዘሩን በየቦታው ስለሚጥሉት የአንድ ግቢ አጥር ለቀበሌው የጋራ ግጦሽ ይተርፋል።

ሣር ሲጠፋ ከብትና በግ ቅጠሉን ይበላሉ። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ ያገኘው የአፍንጫና የጆሮ ቆዳ ይቆስላል። እንዲህ የታየበትን እንስሳ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ያልበሰለው ፍሬ ለሕፃናትም አደገኛ ነው።

መቁረጥ ብቻ ወይም ማቃጠል ብቻ አያጠፋውም፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የሚሻለው መሬቱ በዝናብ ሲለሰልስ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ከነሥሩ ቆፍሮ መንቀል ነው። የተነቀለው ደርቆ ይቃጠላል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ደግሞ ወዲያው እንደ ዴሾ ባለ ሣር ይሸፈናል። ዘሩ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ በተከታዮቹ ክረምቶች ችግኙን ገና በእጅ የሚነቀል ሳለ እየተመለሱ መልቀም ግድ ነው።