የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት እና በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ ልዩነት

የሆድ ማለስለሻ መድኃኒቶች የሆድ ድርቀትን ለማከም ያገለግላሉ። ላክቱሎዝ ውኃን ወደ ትልቁ አንጀት በመሳብ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ ቢሳኮዲል ደግሞ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያነቃቃል፤ የሚዋጠውም እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይሠራል።

ኖርማል ሳላይን የተሰኘው የጨው ፈሳሽ በአንጻሩ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው የያዘ ሲሆን፣ በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም በደም መፍሰስ የጎደለውን የሰውነት ፈሳሽ ይተካል። የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ብቻ ነው፤ ከመጠን ካለፈ በተለይ የልብና የኩላሊት ሕሙማንን ይጎዳል።

በመሆኑም አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም፤ የመጀመሪያው የሰውነትን ፈሳሽ ሊያሳጣ ሲችል ሁለተኛው ይመልሳል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው ማለስለሻ ሳይወስድ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል።