ከፏፏቴው በላይ ያለው ሰርቪስ ቤት

በአዲስ አበባ ቪላ ያሠራ ሰው ከጓሮው ሰርቪስ ቤት ሳይጨምር አይቀርም። ገንዘቡን የሚበላው ዋናው ቤት ነው፤ ሰርቪሱ በተረፈው ብሎኬትና ቆርቆሮ አጥር ተደግፎ ይቆማል፤ እንግዳም ባያየው ይመረጣል። ከዋሽንግተን ዲሲ የአራት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቆ በፔንሲልቫንያ ጫካ ውስጥ የሚገኘው የካውፍማን ቤተሰብ ቤት ግን በዚህ ረገድ ታሪኩ ለየት ያለ ነው።

ሚስተር ኤድጋር ካውፍማን በፒትስበርግ ከተማ የታወቀ ትልቅ መደብር ባለቤት ነበሩ። ቤተሰቡ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው ቤር ረን በሚባል ጅረት ዳር ነበር። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1934 በታዋቂው አርክቴክት በፍራንክ ሎይድ ራይት ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም አባትየው ራይት ቤት እንዲነድፉላቸው ጠየቁ። ቤተሰቡ የጠበቀው ፏፏቴውን ከፊት ለፊት የሚያሳይ ቤት ነበር። ራይት ግን ቤቱን ከፏፏቴው አናት ላይ አስቀመጡት። በ1937 ሲጠናቀቅም ፎሊንግዋተር ተባለ፤ «የሚወርድ ውሃ» እንደማለት ነው። እንግዲህ እዚያ ቤት የሚያድር ሰው ፏፏቴውን የሚያውቀው ከማየት ይልቅ በመስማት ነው።

ግድግዳው የተገነባው እዚያው መሬት ላይ ከተከፈተ ካባ በወጣ ድንጋይ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩን አስተካክለው አልጠረቡትም፤ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ እያለ በአግድም ሲደረደር የገደሉን ንብርብር ይመስላል። በቦታው የነበረው ትልቅ ቋጥኝም አልተፈለጠም፤ በሳሎኑ ወለል ብቅ ብሎ የምድጃው መደብ ሆነ። የወለሉ ድንጋይ በሰም ተወልውሎ እንደ ረጠበ ሲያብረቀርቅ ቋጥኙ ግን ሰም ስላልነካው ከጅረት መሃል ብቅ ያለ ደረቅ ድንጋይ ይመስላል።

ቤቱ ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ ተጨማሪ ቤት ተሠራ። የእንግዶች ማረፊያ፣ የአራት መኪና መጠለያና የሠራተኞች መኖሪያ ነው፤ በእኛ አጠራር ሰርቪስ ቤት ማለት ነው። ራይት ይህንን ከዋናው ቤት ጎን አልለጠፉትም፤ ከበስተጀርባ ወደ ኮረብታው አወጡት። ሁለቱን የሚያገናኘው የአርማታ ጣሪያ ያለው የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ዳገቱን ተከትሎ ግማሽ ክብ እየሠራ ይወጣል፤ ጣሪያውም እንደ ደረጃ እየታጠፈ አብሮት ይወጣል። የሚደንቀው ጣሪያው የተደገፈው በአንድ ጎኑ በቆሙ ቀጫጭን የብረት ቋሚዎች ብቻ መሆኑ ነው። ወረቀት ዝርግ ሆኖ ሲያዝ ይጎብጣል፤ ሲታጠፍ ግን ይጠነክራል፤ የአርማታው እጥፋትም የሚያገለግለው እንዲሁ ነው። የእንግዳ ቤቱ ድንጋይ ያው የአካባቢው ድንጋይ ነው፤ ከጎኑ ያለችው የመዋኛ ገንዳም የምትሞላው በምንጭ ውሃ ነው።

በጠቅላላው ከወጣው 155,000 ዶላር ውስጥ ዋናው ቤት 75,000፣ የእንግዳ ቤቱ ከመኪና መጠለያውና ከሠራተኞቹ ክፍል ጋር 50,000 ዶላር ወስደዋል። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ባልለቀቀበት ዘመን ሰርቪስ ላይ የወጪውን ሲሶ ያህል ማፍሰስ ቀላል ነገር አልነበረም። ሀብታም ስለነበሩ ነው ይባል ይሆናል፤ ሀብታም ሁሉ ግን ለሰርቪስ እንዲህ አያወጣም።

ይህ ሲባል ራይት እንከን አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። በአየር ላይ የተንጠለጠሉት የዋናው ቤት በረንዳዎች ካሳፎርማው እንደተነሣ መዝመም ጀመሩ። የካውፍማን መሐንዲሶች ፌሮው አይበቃም ብለው ሲያስጠነቅቁ ራይት በጣም ተቆጥተው ነበር፤ ጊዜ ግን ለመሐንዲሶቹ ፈረደ። ዝመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ደርሶ በ2002 በረንዳው በብረት ገመድ ተወጥሮ ተጠናከረ። ጣሪያውም ሲያፈስ ኖሯል።

ሚስተር ካውፍማን በ1955 ሲያርፉ ቤቱ ለልጃቸው ተላለፈ። ልጁም በ1963 ለዌስተርን ፔንሲልቫንያ ኮንሰርቫንሲ አስረከበው፤ ከ1964 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆነ፤ በ2019 ደግሞ ከሌሎች ሰባት የራይት ሥራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በየመጽሐፉ የሚታተመው ፎቶግራፍ ፏፏቴውንና ዋናውን ቤት ከታች ሆኖ የሚያሳየው ነው። ሰርቪሱን ማየት የፈለገ ጎብኚ ግን ዳገቱን በእግሩ መውጣት አለበት።