ከጥልፍ እስከ ስልክ፦ የትንሿ ሥዕል ታሪክ



ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን የወር ቁጠባቸውን ባንክ አስገብተው የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ላኩ። የላኩት ግን ወደ ማኅበራችን ሳይሆን ወደ ዕድራቸው ቡድን ነበር። ሁለቱም ቡድኖች የተያያዙ እጆችን ሥዕል ለጥፈው ነበር፤ እናታችን ደግሞ ቡድኑን የሚለዩት ስሙን አንብበው ሳይሆን ሥዕሉን አይተው ነው። እኛ ሂሳብ ክፍል ያለነው ደረሰኝ ስላልደረሰን "አልተከፈለም" ብለን መዘገብን። ስህተቱ የታወቀው በሁለተኛው ወር የባንኩን መግለጫ ከመዝገባችን ጋር ስናመሳክር ነው። መዝገቡን አስተካከልን፤ የብድር ተራቸው ግን አልፎ ነበር።

ሥዕሉን ለመቀየር ስንነሳ ቀላል ሥራ መስሎን ነበር። በባዛራችን ዕለት ከተቀረጸው ቪዲዮ መሶቡ በደንብ የታየበት ቦታ ላይ አቁመን ስክሪንሾት አነሳን፤ ዙሪያውን ቆርጠን የማኅበሩን ሙሉ ስም ጻፍንበትና ለጠፍነው። ስልክ ላይ ሲታይ ስሙ የጉንዳን ሰልፍ መሰለ፤ መሶቡም ከኋላው ካለው ቡናማ ግድግዳ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ትንሽ ሥዕል መሥራት የራሱ ሙያና የራሱ ታሪክ እንዳለው ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪኩም እኛ በደንብ ከምናውቀው የሴቶች የእጅ ሥራ ጋር ይገናኛል።

በኮምፒውተርና በስልክ ስክሪን ላይ የምንነካቸው ትንንሽ ሥዕሎች "አይከን" ይባላሉ። ቃሉን ለዚህ ያዋለው ዴቪድ ካንፊልድ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጻፈው የዶክትሬት ጥናት ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ በኦርቶዶክስ ክርስትና ቅዱሳት ሥዕላት የሚጠሩበትም ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዜሮክስ ኩባንያ "ስታር" የተባለውን ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ የወረቀትና የፎልደር ሥዕሎች በስክሪኑ ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ኮምፒውተር የሚታዘዘው ትእዛዙ ፊደል በፊደል እየተጻፈለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሱዛን ኬር የተባለች ሴት በአፕል ኩባንያ ተቀጠረች። በሥነ ጥበብ ዶክትሬት ያላት ቀራፂ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አልነበረችም። ወደ ሥራው የጠራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ አንዲ ኸርትዝፌልድ ነው፤ እሱ ማኪንቶሽ ለተባለው አዲስ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዱ ነበር። በትንንሽ ካሬዎች የተሰመረ ደብተር ገዝታ፣ በወርድ 32 በቁመት 32 ካሬ ቆጥራ እንድትሥል ነገራት። በድምሩ 1,024 ካሬ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ይሆናል፤ ሌላ ቀለም የለም።

ሥራው ለኬር እንግዳ አልነበረም። ክር እየተቆጠረ የሚሠራ ጥልፍ ከእናቷ ተምራለች፤ ሞዛይክም ሠርታለች። ጥልፍ የሚጠልፉ አባላቶቻችን ክር ቆጥረው መስቀል ሲያወጡ፣ ስፌት የሚሰፉትም አለላውን እያፈራረቁ ጥለት ሲያወጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በካሬ ላይ ክብ መስመር በቀጥታ አይወጣም፤ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወጣል፤ ራቅ ብሎ ያየው ሰው ዓይን ግን ክብ ያደርገዋል። ግራጫ ሲያስፈልግም ጥቁርና ነጩን እንደ ዳማ ገበታ ማፈራረቅ ነው።

ኸርትዝፌልድ በኋላ ሥዕሉን በስክሪን ላይ ለመሥራት የሚያስችል ፕሮግራም ጻፈላት። ፕሮግራሙ ሥዕሉን አንዴ አጉልቶ፣ አንዴ ደግሞ በእውነተኛ መጠኑ ጎን ለጎን ያሳይ ነበር። የኛ የመጀመሪያ ስህተትም እዚህ ጋ ነው፤ ስናስተካክል ያየነው የጎላውን ብቻ ነበር።

ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1984 ለሕዝብ ቀረበ። ሲበራ ፈገግ የሚለውን ኮምፒውተርና ብልሽት ሲኖር የሚታየውን ቦምብ የሣለችው ኬር ናት። ከማሽኑ ጋር ቢል አትኪንሰን የጻፈው "ማክፔይንት" የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ነበር፤ ሥዕልን አጉልቶ ነጥብ በነጥብ ለማረም ያስችል ነበር። ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ በመጫንም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን እንዳለ ማስቀረት ይቻል ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናደርገው ስክሪንሾት ማንሳትና ማረም ያኔም ነበር ማለት ነው።

ቀለም ሲመጣ ሌላ ፈተና መጣ። ኬር እ.ኤ.አ. በ1990 ለወጣው ዊንዶውስ 3.0 የካርታ ጨዋታውን ካርዶች ስትሠራ የነበሯት ቀለሞች 16 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ለድረ ገጾች የሚሆን በ16 በ16 ካሬ፣ ማለትም በ256 ነጥብ የሚሠራ ምልክት መጣ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ ለተንቀሳቃሽ ስልክ 176 ስሜት ገላጭ ሥዕሎችን ሠራ፤ እያንዳንዱ 12 በ12፣ ማለትም 144 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዛሬ የኬርም የኩሪታም ሥራ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመርን። ፎቶ በጣም ሲያንስ ብዙ ነጥቦች ወደ አንድ ይጨመቃሉ፤ ቀይና ነጭ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሮዝ ነጥብ ይወጣል፤ ብዙ ቀለም ያለው ነገርም ጭቃ ይመስላል። ስለዚህ ጽሑፉን በሙሉ አወጣን። ግድግዳውን አጥፍተን ጀርባውን አረንጓዴ አደረግን። በመሶቡ ላይ ያሉትን ጥለቶች ግን ልንነካ አልደፈርንም ነበር፤ ስፌቱን የሰፉት አባላት ራሳቸው "ይበዛል፤ ሁለቱ ይበቃሉ" አሉን። ቀይና ቢጫ ሁለት መስመር ብቻ ቀረ፤ ዙሪያውን ጥቁር ከበብነው፤ የደበዘዙትን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠራን።

ከመለጠፋችን በፊት በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ሥዕሉን ከሌሎች አምስት ቡድኖች ምልክት ጋር በአንድ ስልክ አሳየን። የመጀመሪያዋ ፈታኛችን ደረሰኙን በስህተት የላኩት እናታችን ነበሩ። ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙትና መሶቡን ወዲያው ነኩት።

ከዚህ ወር ጀምሮ ደረሰኛችሁን የምትልኩት መሶቡ ወዳለበት ቡድን ነው። እኛም በየወሩ ደረሰኝ ያልደረሰንን አባል ባልከፈሉት ዝርዝር ከማስገባታችን በፊት ስልክ እንደውላለን። እናታችን በሚቀጥለው የብድር ዙር ቅድሚያ እንዲያገኙም ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርበናል፤ ስትሰበሰቡ እንድትደግፉት እንጠይቃለን።