የማይሶሩ አዳራሽ፦ የዛሬው ዮጋ የተቀረጸበት ቤት

በደቡብ ሕንድ፣ በማይሶር ከተማ፣ ጃጋንሞሃን የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። በ1861 ያሠሩት ሣልሳዊ ክሪሽናራጃ ዎዴያር የተባሉ ንጉሥ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእንጨት የተሠራው ዋናው ቤተ መንግሥት በሠርግ ሰሞን በተነሣ እሳት ሲወድም፣ ንጉሣውያን ቤተሰቦች አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ የተጠለሉት እዚህ ነበር። ዛሬ ቤቱ የሥዕል ሙዚየም ነው። ከ1933 እስከ 1950 ድረስ ግን አንዱ ክንፉ የዮጋ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በኒው ዮርክም ሆነ በአዲስ አበባ ምንጣፍ ዘርግቶ ዮጋ የሚሠራ ሰው ከሚሠራው እንቅስቃሴ አብዛኛው መልክ የያዘው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ይህ አባባል ዮጋን የብዙ ሺህ ዓመት ጥበብ እያሉ ለሚያስተዋውቁ ሰዎች ላይጥማቸው ይችላል። ፍልስፍናው በርግጥ ጥንታዊ ነው። ከ1,500 ዓመታት በፊት ገደማ ፓታንጃሊ በሚባል ሊቅ ስም የተሰበሰበው የዮጋ ሱትራ 195 ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ተማሪ በቃሉ እንዲይዛቸው ሆነው የተጻፉ ናቸው። መንገዱን በስምንት ክፍል ይተነትናል። መጀመሪያ የሚመጣው ምግባር ነው፦ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ። ከዚያ ንጽሕናና ራስን መግዛት፣ ከዚያ አቀማመጥ፣ ከዚያ ትንፋሽን መግራት ይከተላሉ። የቀሩት አራቱ ከስሜት ሕዋሳት እየተመለሱ ሐሳብን የሚሰበስቡና በመጨረሻም ወደ ፍጹም ተመስጦ የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው። አሳና ስለሚባለው የሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ከ195ቱ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሚያዙትም አቀማመጡ የጸናና የተመቸ እንዲሆን ነው። በጭንቅላት መቆም፣ እግርን አንፈራጥጦ ወደ ጎን መዘርጋት የሚባል ነገር የለም።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ አሳናዎቹን 15 ያደርሳቸዋል፤ አብዛኞቹም ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ የተዘጋጀው ሽሪታትቫኒዲ የተባለ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ደግሞ 122 አሳናዎችን ያሳያል፤ ገመድ ላይ የሚሠሩ ሁሉ አሉበት። ካናዳዊው ተመራማሪ ኖርማን ሾማን ይህን የእጅ ጽሑፍ መርምረው በ1996 ሲያሳትሙ፣ ዮጋን ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ አድርገው ያስቡ የነበሩ ብዙዎች ደንግጠዋል። የሰውነት እንቅስቃሴው አድጓል፣ ተጨምሮበታል፣ ከሌሎች ትምህርቶች ጋርም ተቀላቅሏል።

የተቀላቀለውም በቅርብ ዘመን ነው። በ1902 ገና በወጣትነታቸው ሙሉ ሥልጣን የያዙት ራብዓዊ ክሪሽናራጃ ዎዴያር፣ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ሆነውም አገራቸውን ለማዘመን የተጉ ንጉሥ ነበሩ። የሺቫናሳሙድራ ፏፏቴ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በዚያው በ1902 ነው፤ ባንጋሎር በ1905 በኤሌክትሪክ ደመቀች፤ የማይሶር ዩኒቨርሲቲ በ1916 ተከፈተ። ንጉሡ ለሰውነት ማጎልመሻም ትልቅ ቦታ ይሰጡ ነበር። በዘመኑ በመላ ሕንድ የአውሮፓ ጂምናስቲክ፣ ክብደት ማንሳትና የሕንዶቹ ትግል ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፤ የቅኝ ገዥዎች የደካማነት ስድብ ያንገበገበው ትውልድ ጠንካራ ሰውነትን የነጻነት ትግል አካል አድርጎ ያየው ነበር። በዚያው ሰሞን ስዋሚ ኩቫላያናንዳ የተባሉ የዮጋ መምህር በ1924 ሎናቭላ ላይ ባቋቋሙት ማዕከል ዮጋን በኤክስሬይ ጭምር ይመረምሩ ጀመር።

ንጉሡ ዮጋ እንዲያስተምሩ የመረጧቸው መምህር ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ ይባላሉ። በ1888 የተወለዱ፣ ሳንስክሪትን ጠንቅቀው ያጠኑ፣ የሕንድ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶችን አንድ በአንድ ያዳረሱ ሊቅ ነበሩ። እሳቸው እንደሚተርኩት በካይላሽ ተራራ አቅራቢያ ራማሞሃና ብራህማቻሪ ከሚባሉ መምህር እግር ሥር ሰባት ዓመት ተቀምጠው ተምረዋል። መምህሩም በክፍያ ፈንታ ያዘዟቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ አግብተው፣ ዮጋ እንዲያስተምሩ ነው። ይህን ታሪክ የታሪክ ተመራማሪዎች ከሌላ ምንጭ ሊያረጋግጡት አልቻሉም። የትምህርታቸው መሠረት ነው የተባለው ዮጋ ኮሩንታ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍም እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ጉንዳን በልቶታል ይባላል።

የሚታወቀው ግን ዮጋ ያኔ እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዳልነበረ ነው። እኚህ ሊቅ ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር በሀሳን አካባቢ በቡና እርሻ ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ በ1933 ንጉሡ በደመወዝ ቀጥረው አዳራሽ ሲሰጧቸው የተለወጠው የአንድ ሰው ኑሮ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ዮጋ በአብዛኛው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ በዋሻም በበረሃም በግል የሚተላለፍ ነገር ነበር። አሁን ሰዓት፣ ክፍልና በርካታ ተማሪ መጣለት። ተማሪዎቹ የንጉሡ ዘመድ የሆኑ ጎረምሶች ነበሩ። ጎረምሳን ዓይኑን ጨፍኖ ሰዓታት እንዲቀመጥ ማድረግ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ላብ የሚያወጣ ሆነ። አዳራሹ ራሱ ቀድሞ የጂምናስቲክ ቤት ስለነበር ገመዶች በግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። የፀሐይ ሰላምታ የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴም በዚያው ቤተ መንግሥት በሌላ አስተማሪ፣ በተለየ ክፍል ይሰጥ ነበር።

ክሪሽናማቻርያ ያመጡት ትልቁ ነገር ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር ማሰር ነው። እጅ ሲነሣ አየር ይሳባል፤ ወገብ ሲታጠፍ አየር ይወጣል። አንዱ አሳና ወደ ሌላው የሚያልፈውም በተቆጠረ ደረጃ ነው። ይህ አሠራር ቪንያሳ ይባላል። በ1934 በካንናዳ ቋንቋ፣ ማለትም ማይሶር በምትገኝበት በካርናታካ ሕዝብ ቋንቋ፣ ያሳተሙት ዮጋ ማካራንዳ የተባለ መጽሐፍ እያንዳንዱን አሳና ከነቁጥሩ ይዘረዝራል። በ1938 የተቀረጸ ድምፅ የሌለው ፊልምም አለ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት መምህር በወገብ ጨርቅ ብቻ ሆነው በእጃቸው ቆመው፣ እግራቸውን ቀስ አድርገው እያጠፉ በክንዳቸው ላይ ሲያሳርፉ ይታያሉ። ፊታቸው ላይ የመጨነቅ ምልክት አይነበብም።

ከአዳራሹ ውጪም ሥራ ነበራቸው። ንጉሡ ዮጋን ለሕዝብ እንዲያሳዩ በየከተማው ይልኳቸው ነበር፤ ራሳቸው ይህን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ይሉት ነበር። በትርኢቱ ላይ ተማሪዎቻቸው ሰውነታቸውን እንደ ገመድ ይጠመዝዛሉ፤ እሳቸው የልብ ምታቸውን ያዘገያሉ፣ መኪና በእጃቸው ይገታሉ፣ ከባድ ዕቃ በጥርሳቸው ያነሣሉ ተብሎ ተጽፏል። ቴሬዝ ብሮስ የተባሉ ፈረንሳዊት ሐኪምም በ1930ዎቹ አጋማሽ መጥተው ልባቸውን በመሣሪያ ለክተዋል።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ የከፈለ አንድ ልጅ ነበር።

ቤሉር በምትባል መንደር በ1918 በኅዳር በሽታ ዘመን የተወለደው ኢየንጋር ልጅነቱን በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ያሳለፈ ከሲታ ነበር። እህቱን ናማጊሪን ያገቡት ክሪሽናማቻርያ ስለነበሩ በ1934 ወደ ማይሶር ተወሰደ። አማቹ ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ የቤት ሥራ ያሠሩት ነበር። መምህሩ አለንጋ እንደያዘ የኔታ የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ ተማሪ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። ኢየንጋር በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን በእንግዶች ፊት ሁለቱን እግሮች ከፊትና ከኋላ መሬት ላይ የሚያስዘረጋውን ሃኑማናሳና እንዲሠራ ታዘዘ። ልጁ የማያውቀው አሳና ነው። ሱሪዬ ጠባብ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። መምህሩ መቀስ አስመጥተው ሱሪውን ከጎኑ አስቀደዱት። ሠራው፤ የጭኑ ጅማትም ተበጠሰ። ለረጅም ጊዜ በትክክል መራመድ አልቻለም።

ይህን ታሪክ እንደ ጀግንነት የሚያወሩት አሉ። ጀግንነት አይደለም፤ የማስተማር ጉድለት ነው። ኢየንጋርም ያስተማሩት በሌላ መንገድ ነው። በ1937 ፑኔ ከተማ ሂድና አስተምር ተብለው ሲላኩ ገና 18 ዓመታቸው ነበር፤ የከተማውን ቋንቋ አያውቁም፤ ብዙ ቀን ራታቸው ሻይ ወይም ውኃ ብቻ ነበር። የተጎዳ ሰውነታቸውን ይዘው በየቀኑ ለሰዓታት እየሠሩ፣ የትኛው አጥንት የት ቢያርፍ ሕመም እንደሚቀንስ መረመሩ። የደከመ ሰው አሳናውን ሳይጎዳ እንዲሠራ የእንጨት ድጋፍ፣ ገመድ፣ ወንበርና ብርድ ልብስ ወደ ክፍል አስገቡ። ዛሬ በየዮጋ ቤቱ የሚታየው ድጋፍ የመጣው ከዚህ ነው።

በአዳራሹ ያለፈችው ሌላዋ ተማሪ ከሁሉም የራቀ መንገድ ተጉዛ የመጣች ናት። ኢንድራ ዴቪ በ1899 ሪጋ ከተማ ኤውጄኒ ፒተርሰን ተብላ የተወለደች ተዋናይት ስትሆን፣ ሕንድ የገባችው ከጊዜ በኋላ ነው። ክሪሽናማቻርያ ሴትም የውጭ አገር ሰውም አላስተምርም አሏት። ንጉሡ ጣልቃ ገብተው አስፈቀዱላት። መምህሩ ተስፋ ቆርጣ እንድትሄድ አስበው ይመስላል ከባድ የአመጋገብና የሰዓት ሥርዓት አወጡባት፤ ሁሉንም ፈጸመች። በመጨረሻ አስተምሪ ብለው ያሰናበቷት ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሻንጋይ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሆሊውድ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ የፊልም ተዋናዮችን አስተማረች። በ2002 ስትሞት 102 ዓመቷ ነበር።

ሕንድ በ1947 ነጻ ወጣች፤ የነገሥታቱ ገንዘብ ወደ አዲሱ መንግሥት ዞረ፤ ደጋፊው ንጉሥም ቀደም ብለው በ1940 አርፈው ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1950 ተዘጋ።

ብዙ ጸሐፊዎች የክሪሽናማቻርያን ታሪክ እዚህ ላይ ያሳጥሩታል። እውነተኛው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ወደ ማድራስ ከተማ ሄዱ። እዚያ የሚመጡላቸው ጎረምሳ መሳፍንት አልነበሩም፤ ስትሮክ የመታቸው፣ ወገባቸውን የታመሙ፣ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንት ነበሩ። ልብ ምት እየዳሰሱ፣ እያነጋገሩ፣ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ብቻ ይሰጡ ጀመር፤ የሚያስተምሩትም አንድ በአንድ ነው። እጅ ለማንሳት ለሚቸገር ሰው የተሰጠው እጅ ማንሳት ብቻ ነበር። ቪሽኑ በሚባለው የሂንዱ አምላክ አጥባቂ አማኝ ሆነው ሳለ እምነታቸውን በማንም ላይ አልጫኑም። ልጃቸው ዴሲካቻር እንደተረኩት፣ ለተመስጦ የተቀመጠ ሰው ፈጣሪውን እንዲያስብ ይነግሩታል፤ ይህ ካልሆነለት ፀሐይን፤ ያም ካልሆነለት ወላጆቹን። በአገራችን ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ምእመን ስላለ ይህ መታወቅ አለበት፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱንም እያንዳንዱ ከአባቶቹ ጋር ቢመክርበት ይሻላል።

ዓለም ግን የተቀበለው በአብዛኛው የወጣቶቹን ዮጋ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዬሁዲ ሜኑሂን በ1952 ቦምቤይ ላይ ለኢየንጋር አምስት ደቂቃ ቀጥረው ሰዓታት አብረው ቆዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ስዊዘርላንድ ወሰዷቸው። የኢየንጋር ላይት ኦን ዮጋ የተባለ መጽሐፍ በ1966 ሲታተም ከ200 በላይ አሳናዎችን ከነፎቶግራፋቸው ይዞ ነበር። ሌላው የአዳራሹ ተማሪ ፓታቢ ጆይስ በ1948 እዚያው ማይሶር ላይ የራሳቸውን ቤት ከፍተው፣ ፈጣኑንና ከባዱን ቅደም ተከተል አሽታንጋ ብለው አስተማሩ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካውያን ጎረፉ። በጆይስ ላይ ግን ከሞታቸው በኋላ በርካታ ሴት ተማሪዎች ሰውነት በማስተካከል ስም ጾታዊ ትንኮሳ ፈጽመውብናል ብለው በይፋ ተናግረዋል፤ የልጅ ልጃቸውም በ2019 ተገቢ ያልሆነ አነካክ ማየታቸውን አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። የመምህር ቃል የማይመለስበት ሥርዓት መቀሱንም ይህንንም አፍርቷል።

ክሪሽናማቻርያ በ1989፣ መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ አረፉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2014 ጁን 21 ቀንን የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሟል፤ በአዲስ አበባም የሕንድ ኤምባሲ ያከብረዋል። ዮጋ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ከመመዝገቡ በፊት የደም ግፊቱን፣ የወገቡን ሕመም፣ ያለፈበትን ቀዶ ሕክምና ለአስተማሪው ይንገር። ሳይጠየቅ አይነካ፤ የሚያም ነገር ሲገጥመው ያቁም። ስለ ጤናው ምንም ሳይጠይቅ ወደ ከባድ አሳና የሚገፋ አስተማሪ ከገጠመውም ሌላ ይፈልግ።