የጆሮ ብዥታ፦ ለ«ፕሬስቢኪዩሲስ» የአማርኛ ስም

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ማሳለጫው ሥር ቆሜ ለአያቴ ደወልኩ። የአጎቴ ልጅ የሰርግ ዋዜማ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የቀሩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ላመጣቸው መንገድ ላይ ነኝ። የታክሲ ረዳቶቹ «አያት! አያት!»፣ «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያሉ ይጣራሉ። የራሴን ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ አድርጌ፣ «እማማ፣ ቤቱ ሞቋል! ልወስድዎት እየመጣሁ ነው!» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ስልኩም ተዘጋ። የካ ሚካኤል አካባቢ ካለው ቤታቸው ስደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማን ነው የሞተው ልጄ?» አሉኝ።

«ሞቋል» ያልኩት «ሞቷል» ሆኖ ደርሷቸው ነበር። ድምፄን ሰምተዋል፤ እኔ መሆኔንም አውቀዋል። ከንግግሬ ሁሉ የጠፋው አንድ ፊደል ነው። ያቺ አንድ ፊደል ግን ሰርጉን ለቅሶ አደረገችው።

አያቴ ያለባቸውን ነገር ሕክምናው «ፕሬስቢኪዩሲስ» ይለዋል። ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው፤ «ፕሬስቢስ» ሽማግሌ፣ «አኩሲስ» መስማት ማለት ነው። ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጆሮ ላይ የሚመጣ የመስማት መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከሩብ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት መቀነስ አለባቸው። እንግዲህ ይህ የማንኛችንም ቤት ጉዳይ ነው። በአማርኛ ግን የሚመጥን ስም አላገኘንለትም።

ያሉን ቃላትና የጎደላቸው

«ደንቆሮ» የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ መስማት የማይችልን ሰው ያመለክት ነበር። ዛሬ ስድብ ስለሆነ ለወላጅ ቀርቶ ለማንም አይነገርም። «መስማት የተሳናቸው» የሚለው ክብር ያለው አጠራር ነው፤ የራሳቸው የምልክት ቋንቋ ያላቸው ሰዎች የሚታወቁበት ስም ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ሰምተው አሁን ግማሹ የሚያመልጣቸውን እናት ግን በዚህ ስም መጥራት ልክ አይመጣም።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ጆሮዬ ከብዷል» ይላሉ። ለስላሳና ጨዋ አነጋገር ነው፤ ሆኖም እኛን ያሳስተናል። የከበደ ነገር የሚነሳው በጉልበት ስለሚመስለን ድምፃችንን እናነሳለን፣ እንጮኻለን።

ከሁሉ የሚጎዳው «አይሰሙም» የምንለው ነው። በአማርኛ «አይሰማም» ሁለት ነገር ይናገራል፦ ድምፅ አይደርሰውም፣ ደግሞም እሺ አይልም። የማይታዘዘውን ልጅም «አይሰማም» እንለዋለን። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ልንገርዎት? አይሰሙም እኮ!» ስንል፣ ያልቻሉትን እንዳልፈለጉ አድርገን እንወቅሳቸዋለን። ብዙ አረጋውያን ስልክ ማንሳት የሚተዉት፣ ካነሱም «እሺ፣ እሺ» ብለው የሚዘጉት ይህን ወቀሳ ፈርተው ይመስለኛል።

ስለዚህ ከዓይን ቃል ልንበደር እንችላለን። «ዓይኔ ብዥ አለብኝ» ያለ ሰው ጨለመብኝ አላለም። ብርሃኑ አለ፤ የነገሩ ጠርዝ ግን ፈዞበታል። የሰማው ቤተሰብም አይቆጣውም፤ መነጽር ያፈላልግለታል፣ ፊደሉን ጎላ አድርጎ ይጽፍለታል። የአያቴም ጆሮ እንዲሁ ነው፤ ድምፁ አለ፣ የቃሉ ጠርዝ ፈዟል። በዚህ ምክንያት ለፕሬስቢኪዩሲስ «የዕድሜ ጆሮ ብዥታ»፣ በዕለት ንግግር ባጭሩ «የጆሮ ብዥታ» የሚለውን ስም አቀርባለሁ። በዜና የምንሰማው «ብዥታ» መደናገርን ቢያመለክትም «የጆሮ» የሚለው ሲቀድመው ትርጉሙ አይምታታም።

ብዥታው ከየት ይመጣል?

በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘች ትንሽ አካል አለች። በውስጧ ስንወለድ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይኖራሉ። ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩት እነዚህ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከሞቱ ደግሞ በሰው ላይ ዳግም አይበቅሉም። በመግቢያው በኩል ያሉት ቀጭን ድምፅን፣ ከውስጥ ያሉት ወፍራም ድምፅን ይይዛሉ። በዕድሜ ቀድመው የሚያልቁት በመግቢያው ያሉት ናቸው።

ይህ ለአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ፊደላችን ራሱ ያሳያል። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ነገር አለው፤ የፊደሉ ገላና አናባቢውን የሚነግረው እግር ወይም ቀለበት። አናባቢው ወፍራምና ጉልበት ያለው ድምፅ ስለሆነ ጆሮ ብዥ ቢልም ይሰማል። እንደ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ»፣ «ጠ»፣ «ሸ» ያሉት ተነባቢዎች ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው። የፊደሉ እግር ሳይነካ ገላው ብቻ እንደ ተፋቀበት ብራና አድርጋችሁ አስቡት። «ጠራ»፣ «ሠራ»፣ «ፈራ» የሚሉትን ቃላት ብንወስድ አናባቢያቸው አንድ ነው፣ መድረሻቸውም ያው «ራ» ነው። መነሻቸው ከተፋቀ አንዱ ከሌላው አይለይም። «ከሳ» እና «ከፋ»ም እንደዚያው፤ «ሞቋል» እና «ሞቷል»ም።

ጩኸት የማይረዳውም ለዚህ ነው። ስንጮኽ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ የጠፋው ተነባቢ እንደጠፋ ይቀራል። ብዥታ ያለበት ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለ ድምፅ ቶሎ ያመዋል። «አትጩኽብኝ፣ እሰማሃለሁ፤ የምትለው ነው ያልገባኝ» የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ስልክ ለምን ይብሳል?

ስልክን በ1876 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር። እናቱ በደንብ አይሰሙም፤ ሚስቱም ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም ነበር። መሣሪያው ግን ጆሮው ለደከመ ሰው ከባድ ሆኖ ቀረ።

ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። መደበኛው የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። «ሰ» ዋና ጉልበቱ ያለው ከዚያ በላይ ነው። ዕድሜ የቆረጠውን ስልኩ ዳግም ይቆርጠዋል ማለት ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ከንፈራችንን አይተው የሚሞሉት ክፍተትም በስልክ ክፍት ይቀራል። በዚህ ላይ የመገናኛ ጫጫታ ሲጨመርበት ምን እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። ብዙ ቤተሰብ ብዥታውን መጀመሪያ የሚያየው በስልክ የሆነው ለዚህ ነው።

ደዋዩ ማድረግ የሚችለው

የመጀመሪያው ሥራ የደዋዩ ነው። ከመንገድ ዳር፣ ከታክሲ ውስጥ አትደውሉ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ግቡ። ስማችሁንና የምትነግሩትን ጉዳይ አስቀድሙ፦ «እማማ፣ ስለ ነገው ሰርግ ነው» ካላችኋቸው አንጎላቸው የሚጠብቀውን ቃል ያውቃል። በተለመደ ድምፅ፣ በዝግታ ተናገሩ። ካልተሰማ ያንኑ ቃል አትድገሙት፤ በሌላ ለውጡት። ቁጥር ሲሆን አኃዙን አንድ በአንድ ጥሩ፤ «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ለደህና ጆሮም ይምታታሉ። ስትጨርሱም «የት ነው የምንገናኘው ያልነው?» ብላችሁ አስደግሟቸው፤ «እሺ» ማለታቸው ለመስማታቸው ዋስትና አይሆንም። ከባድ ወሬ ከሆነ በአካል ሂዱ። መርዶ በሰው ፊት፣ በሽማግሌ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢንተርኔት ባለበት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ መደወል ይሻላል፤ መስመሩ ጥሩ ሲሆን ከመደበኛው ጥሪ የሰፋ ድምፅ ያሳልፋሉ፤ በቪዲዮ ሲሆን ከንፈርም ይታያል። ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን። ስልኩን በሚሻለው ጆሮ እንዲይዙት አስለምዷቸው፤ ከልማድ የተነሳ በደካማው የሚይዝ ሰው አለ። በሁለቱም ጆሮ የሚገባ ማዳመጫ ወይም ስፒከር ይረዳል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው፣ ስልኩ መጠጋት ያለበት ለጆሮው ቀዳዳ ሳይሆን ከላይ ላለው የመሣሪያው ማይክሮፎን ነው። ማንበብ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ አጭር መልእክት ጻፉላቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከአንገት በላይ ሐኪም ይያቸው። አንዳንዴ ምክንያቱ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ በደቂቃዎች ይጸዳል፤ በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ጉዳት ያመጣል። መስማት በድንገት፣ በተለይ በአንድ ጆሮ ከጠፋ የዕድሜ ጉዳይ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ቃሉን ስንጠቀምበት

«አባባ ትንሽ የጆሮ ብዥታ አለባቸው፤ ወደ ፊታቸው ዙረህ ንገራቸው።» «እናቴ ስልክ ላይ ብዥ ይልባታል፤ በቪዲዮ ደውይላት።» እንዲህ ሲባል ወቀሳው ከሽማግሌው ላይ ይነሳል፤ አድማጩም ምን ማድረግ እንዳለበት ከስሙ ይረዳል። ስም የሚጠቅመው ይህን ሲያደርግ ነው።

«መገናኛ» የሰፈር ስም ነው፤ ሁለት ሰው የሚገናኝበት ነገር ሁሉም መገናኛ ነው። ባለፈው ፋሲካ እዚያው ማሳለጫው ጋ ደረስኩና ለአያቴ ከመደወሌ በፊት ከጫጫታው ራቅ ብዬ አንድ ሕንፃ ውስጥ ገባሁ። በቪዲዮ ደወልኩ፤ ፊቴን እስኪያዩ ጠበቅኩ።

«እማማ፣ ስለ በዓሉ ነው። ቤቱ ደምቋል፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ደምቋል?» ብለው ደገሙልኝ። «መጣሁ ልጄ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ስደርስ በር ላይ ቆመው ነበር። የነጠላቸው ጥለት ወደ ታች ወርዷል።