አርማታ፣ ሊሾ፣ ፊኒሺንግ፦ የቤታችን ቃላት ከየት መጡ?

"ሶሌታው ነገ ይሞላል፤ ፌሮው ግን አልታሰረም።"

ቤት የሚያሠራ ሰው ሳይት ላይ ቆሞ ካቦውና ፌራዮው እንዲህ ሲነጋገሩ ይሰማል። ገንዘቡ የእሱ ነው፤ ቋንቋው ግን የእሱ አይደለም። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ያለው ታሪካችን ውስጥ ነው።

አያቶቻችን ቤት ሲሠሩ ቃሉ የሁሉም ነበር። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ምርግ የማያውቅ የአገር ልጅ አልነበረም። ቤት በደቦ ስለሚሠራ ባለቤቱ ራሱ ጭቃ ያቦካ፣ ማገር ያስር ነበር። ዛሬም "የቤተሰቡ ምሰሶ" የምንለው ያ ዕውቀት የጋራ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው ንብርብር ከጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች መንገድና ሕንፃ ሲሠሩ የጉልበት ሥራው የእኛ ሰው ነበር። ከነጻነት በኋላም ብዙ ጣሊያናዊ ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ሠርተዋል። ሠራተኛው ሙያውን ከነቃሉ በጆሮው ወሰደ። ፌሮ ብረት ነው፤ ሊሾ "ለስላሳ" ማለት ነው፤ ጀሶ፣ ስቱኮ፣ ቱቦ፣ ላሜራ፣ ብሎኬት ሁሉም ከዚያው ናቸው።

ቃሉ ግን በመንገዱ ትርጉም ቀየረ። ለጣሊያኑ ኮርኒስ የግድግዳ ጫፍ ጌጥ ነው፤ ለእኛ የክፍሉ ሙሉ የላይኛው ሽፋን ሆነ። ከሁሉም የሚገርመው አርማታ ነው። ምንጩ "ቼሜንቶ አርማቶ" ነው፤ "የታጠቀ ሲሚንቶ" እንደማለት፤ ትጥቁም ብረቱ ነው። እኛ ግን ብረት ኖረውም አልኖረውም የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ድብልቁን አርማታ አልነው። "የአርማታ ብረት" ብለን ለብቻው የምንጠራውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ንብርብር እንግሊዝኛ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የምህንድስና ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ፉቲንግ፣ ኮለን፣ ቢም፣ ስላብ፣ ፊኒሺንግ ተከተሉ። መሐንዲሱ "ስላብ" ሲል ግንበኛው "ሶሌታ" ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። ባለቤቱ ግን ሁለት ነገር ይመስለውና ሁለት ጊዜ ይከፍል እንደሆነ ማን ያውቃል?

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ያልሆነውም እዚህ ላይ ነው። ውሉ ላይ "አርማታ ይሞላል" ብቻ ከተጻፈ ስንት ፌሮ፣ በምን ውፍረት፣ በስንት ርቀት እንደሚታሰር አልተነገረም። "ሲ-25" ከተባለ ግን ትርጉም አለው፦ አርማታው ከተሞላ በ28ኛው ቀን 25 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ሠራተኛው "አንድ ለሁለት ለሦስት" ሲል አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ማለቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለቤት ሳጥኑን ቆሞ ይቆጥራል፤ የማያውቅ የተለሰነውን ግድግዳ አይቶ ያደንቃል። ልስን ደግሞ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። "ፊኒሺንግ"ም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ ቀለም መቀባት ነው፣ ለሌላው ሴራሚክ፣ በርና የመብራት መስመር ጭምር።

ሕጉ ባለቤቱን አልረሳም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። በአሠራር ጉድለት ወይም በአፈሩ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ይጠየቃል። አሥር ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ነገር ግን ምን ሊሠራ እንደታዘዘ በግልጽ ያልጻፈ፣ የርክክብ ወረቀት ያልያዘ ሰው ዳኛ ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

በእኔ እምነት የቤት ሥራ ጭቅጭቃችን ግማሹ የሚመነጨው ከሌብነት ሳይሆን ከዚህ የቃላት ክፍተት ነው። ሌባውም ቢሆን የሚደበቀው እዚያው ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የማታውቁትን ቃል እያንዳንዱን ጠይቁ፦ "ይህ ምንድን ነው? በምን ይለካል? ዋጋው ውስጥ ምን ምን ይገባል?" መልሱንም በአማርኛ አስጽፉ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ አያቶቻችን ማገሩን በእጃቸው ነክተው ነበር የሚያውቁት፣ እኛ ቢያንስ በስሙ እንወቀው።